የየትምወርቅ ኮክና የእኔ ጌሾ

ይህን ነገር መጀመሪያ የነገረኝ የዘመሮው ጌጡ ነው። የሰው በቅሎ እየሳበ የሚኖር፣ ምላሱ ከበቅሎ የሚፈጥን ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ሞላሌ ገበያ መሃል፣ ሰው ከቦን ቆሞ ነው የነገረኝ። ነገሩ የሆነው በእኔ ቤት፣ በእኔ ምድጃ ዳር፣ በእኔ እህት ላይ፣ ያውም እኔው በሠራሁት ሥራ ነው። ከአገር ሰው ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት ግን እኔ ነኝ። ነገሩ ሲሆን ገደል ውስጥ ነበርኩ። እንዴት ገደል እንደገባሁ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ ሸሽቶ ነው የሚሏችሁን ብቻ አትስሙ።

እኔ ጎበዜ ነኝ። አባቴ ስሜን ሲያወጣ አውቆ ነው ያወጣው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ፊደል የቆጠሩትን ግን ስንቱን በሙግት ረትቻለሁ። አንድ ጊዜ ከጎረቤቴ ጋር በወሰን ተካሰን ዳኛው ፊት ስናገር፣ የሰማ ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። መሬቱን የወሰደው እሱ ነው። በንግግር የረታሁት ግን እኔ ነኝ፤ ይህን እሱም አይክድም።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ስለ እኔ አይደለም የማወራችሁ፤ ስለ እህቴ ስለ የትምወርቅ ነው።

የትምወርቅ ታናሼ ናት። ገና በልጅነቷ መርሐቤቴ ተዳረች፣ ባሏ የሚማታ ሆነባትና ጥላው አዲስ አበባ ገባች። እዚያ አንድ የግሪክ ቤት ወጥ ቤት ሆና ብዙ ዘመን ኖረች። ግሪኮቹ ቤታቸውን ሸጠው ወደ አገራቸው ሲሄዱ እሷም ወደ አገሯ መጣች። ዘመኑ አርባ ዘጠኝ ይሁን ሃምሳ እንጃ፣ ብቻ ጣልያን ከወጣ ቆይቷል፣ ንጉሡም አሉ። ሰው ከአዲስ አበባ ሲመለስ ጃንጥላ ይዞ ይመጣል፣ ጫማ ይዞ ይመጣል። እሷ አንድ ሣጥን አሸክማ መጣች፤ እኔም ምን ይሆን ብዬ ልቤ ተሰቀለ። ስትከፍተው ጭድ ነው። ጭዱን ስትገልጠው ጠርሙስ፣ ያውም ባዶ። አፋቸው የሰፋ ስምንት ጠርሙሶች፣ በሽቦ የሚቆለፍ ክዳን ያላቸው፣ በክዳኑና በአፉ መሃል ቀይ ጎማ የገባባቸው። ከሥራቸው ደግሞ ስኳር በከረጢት። የመጨረሻ ደመወዟን በሙሉ በስኳር ለውጣው ነው የመጣች።

እንግዲህ ከአባታችን የቀረ፣ ገደሉ ሥር ያለ ቁራሽ መሬት አለ። ለገብስ አይሆንም፣ ድንጋይ ነው። ግን ዓለቱ ቀን ፀሐይ ሲመታው ይውልና ማታ ሙቀቱን ይመልሳል፤ ስለዚህ ውርጭ እዚያ አይደርስም። ሦስት የኮክ ዛፎች ነበሩበት፣ ማን እንደተከላቸው አይታወቅም። እኔ ነኝ የተከልኳቸው እያልኩ ለሰው ስናገር ኖሬያለሁ፤ ከእኔ ልደት በፊት ነበሩ ሲሉኝ ወሬ እቀይራለሁ። ፍሬው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባንድ ጊዜ ይበስልና፣ ግማሹን ዝንጀሮ፣ ግማሹን የሰፈር ልጅ ይበላዋል፤ የተረፈው መሬት ላይ ይበሰብሳል። በልተን የምንጨርሰው አይደለም፤ ከሦስት ቀን በላይም አይቆይም።

የትምወርቅ ይህን አይታ፣ ለውርጭ ወራት አቆየዋለሁ አለች። ኮኩን በስኳር ውሃ ቀቅላ፣ በጠርሙስ ዘግታ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ልታስበላን ነው። እኔ ሳቅሁ። ስንት ሰው ጠርቼ አብረን ሳቅን።

የእሷ ነገር ግን ጨዋታ አልነበረም። ዘመሮ ላይ ተገኘ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ባለጠጋ ሽማግሌ ነበር። ጥርሱ ሄዷል፣ ጆሮው ሊሄድ ነው፣ በጎቹ ግን ሜዳ ይሞላሉ። እሷ በመጣች በወሩ ሰው ልኮ ጠየቀኝ። ለወንድሟ ደግሞ አንዲት ሰጋር በቅሎ እሰጣለሁ አለ። እኔ በዚያ ዘመን በእግሬ ነው የምሄድ። በበቅሎ ሆኜ ሞላሌ ገበያ ስገባ፣ ሰው ግራና ቀኝ ሲያሳልፈኝ እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ። ሴት ልጅ ብቻዋን አትኖርም፣ ነውር ነው፣ የሰው አፍ አለ እያልኩ ነጋ ጠባ አስጨነቅኋት። የሰው አፍ የምለው የራሴን ነው።

እሷ አንድ ቀን እንስራዋን አውርዳ ፊቴ ቆመችና እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ አንድ ባል ቀምሻለሁ፤ ይበቃኛል። መሐል ሜዳ ከተማ ምግብ ቤት ያላት ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ኮኩ ሳይበላሽ ለነቢያት ጾም ከደረሰ ሁሉንም እወስዳለሁ ብላኛለች። አስተማሪው፣ የቢሮው ሰው፣ በጾም የሚጣፍጥ ነገር አያገኝም። ይህን ከሸጥኩ ገደሉ ሥር ጎጆ ቀልሼ በላቤ እኖራለሁ። ከተበላሸ ተገኘን አገባለሁ፣ አፌንም አልከፍት። እስከ ጾሙ መያዣ ድረስ ተወኝ።»

እኔም ማርያምን ብዬ ማልኩላት። ኮክ ሦስት ወር ሊቆይ አይደል፣ መማል ምን ይጎዳኛል።

ሥራውን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ አዝዛት ነበር። ትእዛዜን አልሰማችም እንጂ። ያልላላውን፣ ቢጫ ለብሶ ጉንጩ የቀላውን ብቻ መርጣ ለቀመች። የፈላ ውሃ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ስታደርገው ቆዳው እንደ ሸሚዝ ወለቀ። ለሁለት ገምሳ የውስጡን ፍሬ አወጣች። ስኳሩን በውሃ አፍልታ፣ በማንኪያ አንስታ ስታንጠባጥበው እንደ ክር እስኪሳብ ጠበቀች፤ ቅርንፉድም ጣል አደረገችበት። ከዚያ ኮኩን በጠርሙስ ደርድራ፣ የስኳሩን ውሃ አፍስሳ፣ ጎማውን አስገብታ በሽቦ ቆለፈችው። አልበቃ ብሏት ጠርሙሶቹን ከነክዳናቸው በትልቅ ብረት ድስት ቀቀለቻቸው፤ እርስ በርስ እንዳይጋጩ መሃላቸው ጭድ ጎዘጎዘች። ጠርሙስ ቀቅሎ የሚበላ ሰው አየሁ ብዬ ለሰፈሩ አወራሁ። በመጨረሻ ጓዳ፣ ጨለማና ብርድ ያለበት ጥግ አስቀምጣ ጭድ አለበሰችውና፣ እስከ ጾሙ ማንም እንዳይነካው አለች።

ማንም ማለት እኔን አይጨምር መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ እሷ ገበያ ወርዳ ሳለ ጓዳ ገባሁ። አንዱን ከፍቼ ጣቴን ነክሬ ላስኩት። አቤት ጣፋጭነቱ። ወዲያው ግን ሆዴ አዘነላት። ይኸ'ኮ ብርዝ ነው። የሕፃን መጠጥ ነው። በእኛ አገር ጣፋጭ ውሃ አይቶ ጌሾ የማይጨምር ሰው አለ? ግሪኩ አገሩ ጌሾ ስለሌለ ነው እንዲህ የቀረበት አልኩ። ጌሾ ቢገባበት ጠጅ ይሆናል፤ ኮክ ያለበት ጠጅ ደግሞ በምድር ላይ ታይቶ አይታወቅም፤ ደብሪቱ በእጥፍ ትወስደዋለች፤ ማን ሠራው ሲባል ጎበዜ ይባላል። እንዲህ ነው ያሰብኩ። በእርግጥ ጠጅ ጥዬ አላውቅም፤ መጣል የሴት ሥራ ነው። ስጠጣ ግን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ከጠጣሁት ብዛት መጣሉ የገባኝ መሰለኝ።

ጌሾውን አድቅቄ በየጠርሙሱ ጨመርኩ። እንዲፈጥን ብዬም የባለቤቴን የጠጅ አምቡላ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ስድስቱን ስጨርስ ጌሾው አለቀብኝ፤ ሁለቱ እንዲሁ ቀሩ። መልሼ ጎማቸውን አስገብቼ፣ ሽቦአቸውን በጉልበቴ ጠርቅሜ፣ ጭዱን አለበስኩ። ጠጅ ሲፈላ መተንፈሻ እንደሚፈልግ ማንም ሴት ታውቃለች። እኔን ማን ጠይቆኝ። ጓዳው ብርድ ስለሆነ ነገሩ ቀስ እያለ፣ ውስጥ ውስጡን ሲሠራ ከረመ። እሷም እንዳትከፍተው ደንቡ ነውና አልከፈተችውም።

ኅዳር ገባ። ጾሙ ሊያዝ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ተገኘ ቸኮለና ሽማግሌ ልላክ አለ። እኔም መላክ አይከለከልም፣ ይምጡና ይዩዋት ብዬ ፈቀድሁ። በቅሎዋን ይዘው እንዲመጡ ግን አደራ አልኩ። ባለቤቴ፣ «ማርያምን ብለህ የማልከውስ?» ብትለኝ፣ ሴት የሽማግሌ ነገር አታውቅም አልኳት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ትልቁ አለቃ ወልደ ጻድቅ ናቸው፤ ጢማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ፣ የተከበሩ የቤተ ክርስቲያን ሰው። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችም ነበሩ። ጌጡ ደግሞ በቅሎዋን እየሳበ። ምን ዓይነት በቅሎ መሰለቻችሁ። የአይጥ ቀለም፣ ጆሮዋ እንደ ጦር የቆመ። ጌጡ በቅሎዋን ደጅ አሰረና፣ እንግዶቹን ሁሉ ምድጃ ዳር አስቀመጥኩ። ብርድ ነበርና እሳቱን አግለበለብኩት። ነገራችን ሳይያዝ እህል አንቀምስም አሉ፣ እንደ ደንቡ። የትምወርቅ ማድቤት ነበረች። እኔም የእህቴን ባለሙያነት ላሳይ ብዬ፣ ስምንቱንም ጠርሙስ ከጓዳ አውጥቼ እሳቱ ጎን ደረደርኳቸው። በቅሎ ሳታንስ ምናልባት ኮርቻም ይጨመርልኝ ይሆናል ብዬ ነው። ከዚያ በቅሎዋን በደንብ ልያት ብዬ ወጣሁ።

እግሯን እየዳበስኩ ነው፣ ከቤት ውስጥ «ጧ» አለ።

ወዲያው ደግሞ «ጧ»። ጠመንጃዬ ያለው ቤት ውስጥ ነው። የጦር ሰው አእምሮ ደግሞ ፈጣን ነው፤ ሽፍታ ቤቱን ከቦታል፣ ስለዚህ እኔ በገደሉ ዞሬ ከኋላ ልክበባቸው አልኩ። በቅሎዋም እንደኔው ያሰበች መሰለኝ፣ ገመዷን በጥሳ ቀደመችኝ። እሷ በዘመሮ መንገድ፣ እኔ በገደሉ። ከዓለት ሥር ገብቼ ምሽግ ያዝኩ። ሽፍታው እስኪመጣ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ፈርቶ ይሆናል።

ቤት ውስጥ የሆነውን እንግዲህ ጌጡ ነው ያየው። እሱ እንዳለው፣ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠርገው ለመጀመር «እግዚአብሔር ያሳያችሁ...» ሲሉ፣ ከጎናቸው ካለው ጠርሙስ የእባብ ድምፅ ተሰማ። ጎማው ሲያፏጭ ነው። ከዚያ ክዳኑ ተፈንጥሮ ጣራውን መታው፤ የስንት ዘመን ጥላሸት እላያቸው ላይ ወረደ። ሁለተኛው ሲፈነዳ ሽማግሌዎቹ በአንድ በር እኩል ለመውጣት ሞክረው መቃኑ ላይ ተጣበቁ። ጌጡ አልጋ ሥር ገባ፤ ይህን ሲናገር አላፈረም፣ እኔም ለዚህ ነው የማከብረው። አለቃ ብቻ ከቦታቸው አልተነሡም፤ «በስመ አብ» እያሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስድስቱም እስኪያልቅ ተቀመጡ። ሲያልቅ ጥምጥማቸው ላይ ግማሽ ኮክ ተቀምጧል፣ በጢማቸው ስኳር ይንጠባጠባል፣ ቤቱ ጠጅ ጠጅ ይሸታል።

የትምወርቅ ከማድቤት ሮጣ ገባች። ጌጡ፣ ትጮኻለች ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ አለኝ። አልጮኸችም። የተሰበረውን ጠርሙስ አየች፣ መሬት ላይ የተበተነውን ኮክ አየች። ከዚያ ወደ አለቃ ጠጋ ብላ ከጢማቸው አንዲት ደቃቅ ቅጠል ለቀመች። አሸተተቻት።

«ጌሾ ነው፣ አባቴ» አለቻቸው።

ከዚያ ዝቅ ብላ ስብርባሪውን መልቀም ጀመረች። አለቃም ምን ጉድ እንደሆነ ጠየቋት። እሷም ስብርባሪ እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የደብሪቱን ነገር፣ እስከ ጾሙ መያዣ የተሰጣትን ቀን፣ የእኔን መሐላ። እንግዲህ ተገኘን ላገባ ነው፣ ቃሌ ቃል ነው አለች። ሽማግሌዎቹ መሐላ መኖሩን አልሰሙም ነበር። እኔ ምን ብዬ ልንገራቸው።

አለቃ ዓይናቸው ሳይፈነዱ በቀሩት በሁለቱ ጠርሙሶች ላይ አረፈ። እነዚህስ አሏት። አንዱን ከፍታ አሸተተች፣ ቀመሰች። ደህና ነው። ነሐሴ እንደተለቀመ ነው። በሳህን አድርጋ አቀረበችላቸው። ነገር ሳይያዝ እህል አንቀምስም ያሉት አለቃ አንዱን ግማሽ በሉ፣ ሌላውን ደገሙ፣ ሳህኑን ለሽማግሌዎቹ ሲያቀብሉ ባዶ ነበር።

«የተበላሸው የሷ ሥራ አይደለም» አሉ። «የሷ ሥራ ይኸው ደርሷል። ያን ሰውዬ ፈልጉልኝ።»

ጌጡ መጥቶ ከዓለቱ ሥር አገኘኝ። ሽፍታው ስንት ነው ብዬ ስጠይቀው መሬት ተቀምጦ ሳቀ። ከእህትህ ጋር ትታረቃለህ፣ ድንጋይ ተሸክመህ ና ብለውሃል አለኝ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ነው የሚቀርበው፤ የእኛ አገር ሥርዓት ነው። እኔም ሥርዓት አክባሪ ነኝና ጎንበስ ብዬ እንደ እንቁላል ያለች አንዲት ድንጋይ አንሥቼ፣ አንገቴ ላይ አድርጌ፣ እንዳትወድቅ በእጄ ደግፌ ገባሁ። አለቃ አዩኝ። በጣታቸው ወደ በሩ አመለከቱኝ። ተመልሼ የጭንቅላት ያህል አመጣሁ። አሁንም ጠቆሙኝ። በሦስተኛው የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ተሸክሜ ስገባ፣ እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ምን እንደተፈጠረ የነገረኝ የለም፤ ጠርሙሱን አየሁ፣ ጥላሸቱን አየሁ፣ የአለቃን ጢም አየሁ፣ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። አለቃ፣ ጋብቻው ቀርቷል፣ ለተገኘ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፣ በቅሎውም ሳንመልሳት ተመልሳለች አሉ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረው፣ ካሣሽን ተናገሪ፣ ምን ይክፈልሽ አሏት።

የትምወርቅ አየችኝ። ድንጋዩ አንገቴን እየሰበረው ነው፣ እሷ ግን አልቸኮለችም።

«ጠርሙሱን ከየት ያመጣዋል፤ ትቼለታለሁ» አለች። «ስኳሩን ግን ያምጣ። በየዓመቱ፣ ኮኩ ሳይደርስ፣ ደብረ ብርሃን በእግሩ ሄዶ፣ በራሱ ጀርባ ተሸክሞ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ።»

ሽማግሌዎቹ ተስማማህ ወይ አሉኝ። በዚያ ድንጋይ ሥር ሆኖ የማይስማማ ካለ ይምጣና ልየው።

የቀረችውን አንዷን ጠርሙስ ይዛ መሐል ሜዳ ወጣች። ደብሪቱ ለአስተማሪዎች አስቀመሰች፤ አስተማሪዎቹ ሳህኑን በጣታቸው ጠረጉ አሉ። ለከርሞው ከአሁኑ ተዋዋለቻት፣ ጠርሙስም ከአዲስ አበባ አስመጣችላት። የትምወርቅ ገደሉ ሥር ጎጆዋን ቀለሰች፣ በሯን ወደ ዛፎቹ አዞረች። ባል አላገባችም። ኅዳር ሲሆን፣ ብርዱ ጉሮሮ ሲዘጋ፣ የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይሄዱ ነበር፤ አንድ ማንኪያ ከዚያ ስኳር ውሃ ታጎርሳቸዋለች። መድኃኒት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ልጆቹ ግን ማሳል ይወዱ ጀመር።

እኔም ዓመት አልዘለልኩም። ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፤ ከረጢቴን አዝዬ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። አንድ ዓመት ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝና ስኳሩ ሟሙቶ በጀርባዬ ወረደ፤ ሞላሌ ስደርስ ንብና ዝንብ አጅቦኝ ነው የገባሁ። ገበያ እንደ ንጉሥ ታጅቤ ልገባ እመኝ አልነበር? ሰው ግራና ቀኝ አሳለፈኝ። ስሜም ጎበዜ መሆኑ ቀረና ጎበዜ ጌሾ ተባልኩ። ያን ዓመት ሁለተኛ መሄድ ግድ ሆነብኝ፤ የሟሟ አይቆጠርም አለች።

በየዓመቱ ከመሄዴ በፊት እለምናት ነበር። ጉልበቴ ደከመ፣ ዘመድ በመኪና ያምጣልሽ፣ ስለ ማርያም ማሪኝ እላታለሁ። እሷ ትስቃለች። አሁን ደግሞ ስለ ማርያም ትለኛለህ ትለኛለች፣ ከረጢቱንም ራሷ ታቀብለኛለች። እኔም እየተሳደብኩ እወርዳለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሌላ ነገር እንደዚያ የታመንኩበት ዓመት የለኝም።

ንጉሡ ሳይወርዱ በፊት፣ ወደ ስልሳ ዓመተ ምሕረት ግድም፣ ደረቷን አመማት። ሐምሌ ሙሉ ተኛች። ነሐሴ ሲገባ እንደ ልማዴ ከረጢቴን ይዤ፣ ልመናዬን ላሰማ ወደ ጎጆዋ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር፤ ከተኛችበት ዛፎቹ ይታያሉ፣ ኮኩ ቢጫ መልበስ ጀምሯል። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አፌን ሳልከፍት፣ ሳልለምናት፣ ከረጢቱን ከእጄ ወስዳ አጣጠፈችና ከራስጌዋ አደረገችው።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «የዘንድሮውን ስኳር ምሬሃለሁ።»